አሥራ ሦስተኛው ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ ሚሞሪ ካርዱን በመሐረብ ጥግ ቋጥራ አምጥታ ስልክ ጠጋኙ ፊት ፈታችው። እኩለ ቀን ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

«ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ወሩ ነው» አለችው። «ስልኩ ተሰብሮ ተጣለ፤ ይቺን ግን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባት ነበር። ድምፁ እየጠፋኝ ነው፣ ልጄ። አደራህን፣ እንዳታበላሽብኝ።»

«አይዞዎት እናቴ፣ ስንቱ በእጄ አልፏል» አለና ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። «አሥራ ሦስት የድምፅ ቅጂ አለ።»

«አሥራ ሁለት ነው እንጂ! አንድ በአንድ በቃሌ ነው የማውቃቸው።»

ጠጋኙ የመጨረሻውን አየው። የተቀዳበት ቀን ዛሬ ነው፤ ሰዓቱ ጠዋት ሁለት ተኩል ይላል። «አንዳንዴ ቀን ያዛባል» ብሎ ከፈተው።

መጀመሪያ የስፌት መኪና ሲሠራ ተሰማ። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መጣ፦ «ዛሬስ ድምፅህን ላስወጣ መሄዴ ነው፣ የኔ ሰው።»

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይሄን ያልኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም!»

በቅጂው ውስጥ የስፌት መኪናው ቆመ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ በጣም ከቅርብ፣ «ቆይኝ፣ ጫማዬን ላጥልቅ፤ አብሬሽ እመጣለሁ» አለ።

ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ።

«እሱ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ልጄ፣ ስገባ ብቻዬን ነበርኩ አይደል?»

ጠጋኙ ከትከሻዋ በላይ ወደ በሩ እያየ፣ ሰው ለትልቅ ሰው እንደሚነሳው፣ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ።