ከአኦሞሪ የመጣው ሙሽራ

ወንድይራድ መሬት የሚያለብስ በረዶ ያየው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ግን የፍቅረኛው የሃኒ አባት እንዲያውቁ አይፈልግም።

የሃኒ አባት አቶ ንጉሡ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ለኩራታቸው ግን ያ ቤት አይበቃም። ልጃቸውን "ባሕር ተሻግሮ ላልተማረ" እንደማይድሩ ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። ራሳቸው ባሕር የተሻገሩት ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ለማቆም ነበር፤ እሱን አያነሡትም።

ወንድይራድ በዲቪ የመጣ፣ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል የሚነዳ ልጅ ነው። ሃኒ መጀመሪያ ቤት ይዛው የገባች ቀን አቶ ንጉሡ ገና ሳይቀመጥ "የት ተማርክ?" አሉት።

"ጃፓን" የሚል ቃል ከአፉ አመለጠው።

"ጃፓን የት?"

"አኦሞሪ። ሰሜን ጃፓን ነው፤ በረዶ የሚበዛበት ከተማ።"

አኦሞሪን የሚያውቀው በመኪና ነው። አዲስ አበባ ሳለ፣ ያገለገለ የጃፓን መኪና የሚያስመጣ ሰው ጋ ሲሠራ፣ ሆዷን ዝገት የበላት አንዲት ቪትዝ መጣች። አለቃው "ይቺ አኦሞሪ ነበረች፤ በረዶ ስለሚበዛ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ" አለው። መሳቢያዋ ውስጥ ፖም የተሳለበት ተለጣፊ ወረቀት ተገኘ። የወንድይራድ ጃፓን ይኸው ነው፤ ዝገትና ፖም።

ሽማግሌ ተላከ። አቶ ንጉሡ እንደ ወጉ "አጣርተን እንነግራችኋለን" ብለው ሸኟቸው። ድሮ የሚጣራው ዘር ነበር። አቶ ንጉሡ ጃፓንን ሊያጣሩ ተነሡ።

"ዳዲ ጋሽ ክፍሌን ኮል አደረገ" አለችው ሃኒ በስልክ፣ እየፈነደቀች። "እሁድ እኛ ቤት ይመጣሉ። አንተም ትመጣለህ።"

"የትኛው ክፍሌ?"

"ክፍሌ ጃፓን ነዋ!"

ወንድይራድ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። እሱ በሚኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ክፍሌ ጃፓንን የማያውቅ ሐበሻ የለም። በደርግ ጊዜ ወጥተው ጃፓን ብዙ ዓመት ኖረዋል ይባላል። ቶዮታ የሚገዛ ሰው ሳያማክራቸው አይገዛም፤ ሩዝ ማብሰያው የተበላሸበትም ተሸክሞ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ክርስትናም ላይ ይሁን ልቅሶ ላይ የጃፓን ነገር ከተነሣ ሰው ሁሉ ዞሮ እሳቸውን ያያል። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ክርክሩ ያልቃል።

"እንዳትፈራ ደግሞ" አለች ሃኒ። "ያየኸውን መንገር ነው እኮ። ኢዚ ነው!"

ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2010፣ ያ ሁሉ በረዶ የወረደበት ዊንተር ነበር። እሁድ ዕለት ወንድይራድ መኪናውን ከበረዶ ቆፍሮ ሲያወጣ ረፈደበት።

"አኦሞሪን የለመደ ሰው በዚህች ብናኝ ያረፍዳል?" አሉት አቶ ንጉሡ በሩን ሲከፍቱለት።

አቶ ክፍሌ ከረባታቸውን አስረው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ዳኛ ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

"በል ክፍሌ፣ ልጁ ይኸው። ጠይቀው።"

አቶ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በረዶው እንዴት ነበር?"

"ከባድ ነበር፣ ጋሼ።"

"ከባድ ነበር" አሉ ወደ አቶ ንጉሡ ዞረው። "ቀጥል።"

"መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። መኪናው ሁሉ ከሥር ይዝጋል።"

"ይዝጋል።"

"ደግሞ ፖም አለ።"

"ፖም!" አሉ አቶ ክፍሌ፣ ጣታቸውን አንሥተው።

ዝገቱም ፖሙም አለቀ። አቶ ክፍሌ ግን እንደገና ዐይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ወንድይራድ ሰውየው የነቁበት መሰለው፤ ድመት አይጥ እንደምታጫውት እያጫወቱት ነው።

"በሩ ስለሚቀበር... በመስኮት ነበር የምንወጣው" አለ። ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም።

አቶ ክፍሌ ዐይናቸውን ገለጡ።

"በመስኮት!" ብለው ጭናቸውን መቱ። "እኔማ አንድ ቀን መስኮት ተሳስቼ ጎረቤት ቤት ገብቻለሁ!"

ሃኒ በሳቅ ሞተች። ወንድይራድ ግን ደነገጠ፤ እዚያው የፈጠረው ውሸት እውነት ሆኖ ተገኘ።

አቶ ንጉሡ አልረኩም። "ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። እስቲ በጃፓንኛ ተነጋገሩና ልስማ።"

ወንድይራድ ወደ ወለሉ አቀረቀረ። የሚያውቃቸው የጃፓንኛ ቃላት በሙሉ የመኪና ስሞች ናቸው። የሃኒን ጫማ ጫፍ አየ፤ ከዛሬ በኋላ የሚያየው አልመሰለውም።

አቶ ክፍሌ ትክ ብለው ተመለከቱት። "ስማ ንጉሡ" አሉ። "ባለቤቱ በማይሰማው ቋንቋ ቤቱ ውስጥ ማውራት እዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው። ልጁም ያውቀዋል። አላየህም እንዴት እንዳቀረቀረ? እንዲህ የሚያቀረቅር ጃፓን የኖረ ሰው ብቻ ነው።"

አቶ ንጉሡ የወንድይራድን አንገት አዩ። እውነትም የተማረ አንገት መሰላቸው።

"እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ይመለሱ" አሉ። "ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ሃኒ ብድግ ብላ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወንድይራድ ተሰናብቶ ሲወጣ አቶ ክፍሌ ካፖርታቸውን አነሡ።

"መኪናህ ድረስ ልሸኝህ።"

ወንድይራድ ነገሩ አሁን የገባው መሰለው። ለካ ሰውየው ገበናውን የሸፈኑለት በሃኒ ፊት እንዳይዋረድ ብለው ነው፤ ፍርዱ ውጭ ኖሯል። በረዶውን እየረገጡ ሄዱ። መኪናው ጋ ሲደርሱ አላስችል አለው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እኮ..."

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር።" አቶ ክፍሌ ዞር ብለው የአቶ ንጉሡን መስኮት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ ከአዲስ አበባ ካርቱም፣ ከካርቱም ቀጥታ እዚህ ነው የመጣሁት። በሞቴ ልጄ፣ ጃፓን እንዴት ያለ አገር ነው?"