ከትከሻዋ በላይ ያለው ብርሃን

ያይኔአበባ የማስተርስ ጽሑፏን ነገ ጠዋት ማስረከብ ነበረባት። ላፕቶፗ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ድርግም ይላል። ጭንቀቷ ሲበዛ አለኸኝ ያመጣላትን አዲስ ባትሪ ራሷ ልትቀይረው ተቀመጠች። አለኸኝ ባሏ ነው፤ ዛሬ ለሥራ ቡሬ ሄዷል።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። መብራትም ጠፋና ቤቱ ጨለመ። ጥቃቅኖቹን ብሎኖች ፈትታ ያበጠውን አሮጌ ባትሪ ስታወጣ በሩ ተከፈተ። እንዳይጠፋባት የያዘችውን ብሎን እያየች፣ ቀና ሳትል፣

«መጣህ? በል ቶሎ መብራት ያዝልኝ፤ ምንም አይታየኝም» አለች።

ከትከሻዋ በላይ ነጭ ብርሃን በራ።

«ትንሽ ወደ ግራ።»

ብርሃኑ ወደ ግራ ሄደ።

«ምነው ዝም አልህ? ተኳርፈናል እንዴ?»

ብርሃኑ ይበልጥ ቀረበላት። ችኩል ስለነበረች ነገሬ አላለችውም። አዲሱን ባትሪ ገጥማ የመጨረሻውን ብሎን ስታጠብቅ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስልኳ ጠራ። ስሙን ሳታይ አነሣችው።

«ያይኔ፣ ቡሬ መናኸሪያ ዝናብ ይዞኛል» አለ አለኸኝ። ከኋላው የረዳቶች ጩኸት ይሰማል። «በጨለማ እንዳትነካኪው እሺ? ስመጣ መብራት እይዝልሻለሁ።»

ያይኔአበባ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ካቻቢቴውን ጨበጠች።

ብርሃኑ ከላፕቶፑ ላይ ተነሣ። ቀስ እያለ በክንዷ ላይ ወጣና ጉንጯ ላይ ቆመ።