የየካ ማሚቶ

ናዝራዊት ደስታ የሚባል ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም። ወሰን ሰፈር ባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል የፊተኛው ረድፍ የእሷ ነው። እንጀራዋ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሆነና ከሰኞ እስከ ዓርብ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ በወይዘሮ የሺሃረግ አሮጌ ፎቅ ቤት ላይኛው ክፍል ተቀምጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ትጠብቃለች።

የንዝረት መመዝገቢያ መሣሪያው ያለው ከታች ነው። ግቢ ውስጥ እንዳይተክሉት ሌባ ፈርተው፣ ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ የቤቱ ዋና ምሰሶ የቆመበት አለት ላይ በሲሚንቶ አጣብቀውታል። አለቱ የነገረውን ሁሉ በሽቦ ወደ ናዝራዊት ኮምፒውተር ይልካል። ምድር ቤት የሚኖሩት አከራይዋ ወይዘሮ የሺሃረግ "የመሬት ሐኪሟ" ይሏታል።

ነገሩ የጀመረው ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ አልረጋ ባለበት ሰሞን ነው። ከዚያ የተነሣ ሞገድ የካ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ትንሽ ትርገበገባለች። ሌላው ሰው ከቁብ አይቆጥረው ይሆናል፤ ወራት ሙሉ ባዶ መስመር ላይ ስታፈጥ ለከረመች ልጅ ግን ሰርግ ነው።

ጉድ የተባለው ቀጥሎ የመጣው ነው። ትንሹ ሞገድ አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ከእሱ የበለጠ ሁለተኛ ንዝረት ከዚሁ ከየካ ኮረብታ ሥር ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሻይ ከብርጭቆው ገንፍሎ ፈሰሰ። በማግስቱም ፈንታሌ ስትነቃነቅ የካ መለሰች። ናዝራዊት ስም አወጣችለት፦ የየካ ማሚቶ።

አለቃዋ ዶክተር ብርሃነመስቀል ከአንገታቸው ጥቁር ማተብ፣ ከፊታቸው ጥርጣሬ የማይለያቸው ሰው ናቸው።

"ማሚቶው እውነት ከሆነ መሣሪያው እዚሁ ይቆያል፤ አንቺም ትቆያለሽ" አሏት። "የሰፈር ጫጫታ ከሆነ ግን ነቅለን ሌላ ከተማ እንወስደዋለን።"

"እኔስ ዶክተር?"

"አንቺን መንቀል አያስፈልግም። ኮንትራትሽ በራሱ ያልቃል።"

የተጠራጠሩት በከንቱ አልነበረም። ቅዳሜና እሁድ መሣሪያው ብቻውን ሲመዘግብ ማሚቶው አይመጣም። ፈንታሌ ብትናወጥም የካ ጭጭ።

"መሬት ሰንበት አታከብርም" አሉ ዶክተሩ። "እሁድ እሁድ የሚያርፍ ነገር ሠራተኛ ነው። ሠራተኛውን ፈልጊ።"

ፈለገች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ወፍጮ ቤቱን ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሞ ዋለ፤ ኮምፒውተሩ በባትሪ እየሠራ ማሚቶው ከች አለ። ብሎኬት የሚያመርተውን ሌንጮን ለምና፣ ምሳ ጋብዛ፣ ማሽኑን አስጠፋችው። ማሚቶው ግን አልቀረም። ድንጋይ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣው ሲኖትራክ ቀረ ስትል፣ እሱም ለካ ጎማው ፈንድቶ ከቆመ ሰንብቷል። አንዱ ተጠርጣሪ ነጻ በወጣ ቁጥር የናዝራዊት ደስታ ይጨምራል፤ ደግነቱ ማሚቶውም እየጎላ ሄደ።

በመጨረሻ ወይዘሮ የሺሃረግን ጠየቀቻቸው።

"እማማ፣ ቤቱ ሲነቃነቅ ከታች፣ ከመሬቱ የሚሰማዎት ነገር አለ?"

ወይዘሮ የሺሃረግ ነጠላቸው ላይ ያረፈውን ነጭ ብናኝ እያራገፉ ትንሽ አሰቡ።

"ከታች? ኧረ ከታች ምንም የለም፣ ልጄ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንቺ ብቻ በርቺ። ሁሉም በየእምነቱ ነው" አሉ።

ናዝራዊት ምርቃት መሰላት። እምነት እንደሚያስፈልጋትማ ታውቃለች፤ ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው።

ዶክተር ብርሃነመስቀል በዓይናቸው ሊያዩ የመጡት ያን ሰሞን ነው። ክንዳቸውን አጣጥፈው ስክሪኑ ፊት ተሰየሙ። ጠዋቱ መስመሯ ሳትነቃነቅ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ኮታቸውን ለማንሣት እጃቸውን ሲዘረጉ መስመሯ ተርገበገበች።

"መጣ" አለች ናዝራዊት ከኋላቸው፤ ድምፅዋ እልልታ ሆኖ ወጣ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አጥብቀው ስክሪኑ ላይ ተደፉ። ዓይናቸውን መንቀል አልቻሉም። መስመሯ ወፈረች፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ትፈነጭ ጀመር። ብርጭቆው ተንቀጫቀጨ። የወለሉ ንዝረት በጫማቸው በኩል ወደ ጉልበታቸው ወጣ።

"እውነት ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ብድግ አሉና፣ "እውነት ነው፣ ልጄ! ይቺን መሣሪያ ማንም አይነካት!"

የዘመናት ጥርጣሬ ባንዴ ለቀቃቸው። እጅ ለእጅ ተያያዙ። ናዝራዊት ሳቋ ከእንባዋ ተደባለቀ፤ የዶክተሩም መነጽር ከአፍንጫቸው ወርዶ አንድ ጆሮ ላይ ተንጠለጠለ። ስክሪኑ ላይ ማሚቶው እጥፍ ሆነ። እንዲህ ያለ ንዝረት የካ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

"እየባሰበት ነው፣ ዶክተር!"

"ተይው፣ ይባስበት!"

በሩ ተበረገደ። ወይዘሮ የሺሃረግ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል፤ ፀጉራቸውም ነጠላቸውም ከኮርኒሱ በረገፈ ኖራ ዱቄት መስሏል። ናዝራዊትን በዓይናቸው አለፏትና ዶክተሩን፣ ይልቁንም አንገታቸውን፣ በሐዘኔታ ተመለከቱ።

"እሷስ አምልኮዋ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ኖራውን እያራገፍኩ ችያታለሁ፤ እርስዎን ግን፣ ማተብ ባንገትዎ አስረው፣ እንዲህ የሚያስዘልልዎት ምን ተገኝቶ ነው?"