ማንም ያልተመለሰበት ሚስማር

«ትንሽ ብቻ ንከስ። ቀሪው የመመለሻህ ነው» ትላለች ኦሪንሻ፣ ትኩሱን ዳቦ ወደ ልጅ ልጇ አፍ እያስጠጋች።

ኑርካናት ግምጥ ያደርግና ጉንጩን ሞልቶ ይስቃል። «አፓ፣ ለአንድ ዓመት ውትድርና ይኼ ሁሉ? የከተማችንን ድልድይ ተሻግሬ ከወንዙ ማዶ አውሮፓ ገባሁ፣ ተመልሼ እስያ መጣሁ፣ አለቀ!»

«ከአያትህ ጋር አትቀልድ። ካልሲ ደርበሃል?»

«ሦስት!»

«ውሸታም። እስቲ አሳየኝ።»

ውጭ የቆመው መኪና ጥሩንባ ይነፋል። ኦሪንሻ የልጁን ግንባር እንደ ሕፃን አሽትታ ትለቀዋለች። እናቱ ኩልያሽ፣ የኦሪንሻ ምራት፣ እስከ አጥሩ በር ትሸኘውና ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች።

ኦሪንሻ የተነከሰውን ዳቦ በመርፌ ወግታ ቀይ ክር እያሳለፈችበት ነው። ወታደር ነክሶ የተወው ዳቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሲመለስ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ከሱ አፍ በቀር ማንም አይቀምሰውም። የግድግዳው ሚስማር ግን ባዶ አይደለም።

«እማማ፣ እዚያ አይሰቅሉትም» ትላለች ኩልያሽ።

«ታዲያ የት ልስቀለው?»

«የትም! ማንም ያልተመለሰበት ሚስማር ላይ ግን የልጄን ዳቦ አይሰቅሉም። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ አይሰቅሉም።»

ኦሪንሻ አትቆጣም። እሷንም ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ሚስማሩ ላይ ያለው የጨርቅ ከረጢት የወንድሟን የዬርሳይንን ዳቦ ይዟል። እሱም አፍጋኒስታን ሲዘምት «ሁለት ዓመት እኮ ነው» ብሎ ነበር፣ እየሳቀ። በዓመቱ በቆርቆሮ ተበይዶ የታሸገ የሬሳ ሳጥን አመጡ፤ እንዳይከፈት አሉ። እናቷ «ፊቱን ሳላይ ማንን ልቅበር?» ብላ ዳቦውን ሳታወርድ ኖረች። ልትሞት ስትል ከረጢቱን ለኦሪንሻ ሰጠቻት። «ሲመጣ ይርበዋል» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ሲመሽ፣ በግድግዳው በኩል የማላመጥ ድምፅ ይመጣል። አይጥ ናት፣ ትላለች ኦሪንሻ ለራሷ። ከረጢቱን ግን ከፍታ አታውቅም። ጎድሎ ብታገኘውስ? ሳይጎድል ብታገኘውስ?

አሁን ወንበር ላይ ወጥታ ታወርደዋለች። «ኧረ ይወድቃሉ!» ትላለች ኩልያሽ ወገቧን ይዛ።

ዳቦው ግራጫ ሆኗል፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አልጎደለም። የተነከሰበት ቦታ መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን ጉብታ ቀርታለች፤ የዬርሳይን የፊት ጥርሶች መሐላቸው ክፍት ነበር። ኦሪንሻ ትኩሱን ዳቦ አንስታ ጎኑ ታስቀምጠዋለች። እዚያም ላይ ያችው ጉብታ አለች።

ኩልያሽ አፏን በእጇ ትይዛለች። «የልጄ ጥርስ...»

«የናቴ ቤት ጥርስ ነው» ትላለች ኦሪንሻ። አሮጌውን ዳቦ ሻይዋ ውስጥ ትነክረውና እስኪርስ ትጠብቃለች።

«እማማ! ነውር ነው እኮ! የሱ አፍ ካልሆነ...»

«ይኼ አፍ ከየት የመጣ መሰለሽ?»

ኦሪንሻ ከቀሯት ጥርሶች ሁለቱ ከፊት ናቸው፤ መሐላቸው ክፍት ነው። በነሱ ትነክሳለች። አቧራ አቧራ፣ ጨው ጨው ይላል። ትነክራለች፣ ትነክሳለች፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር ከመዳፏ ትለቅማለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማላመጥ ድምፅ ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት ከግድግዳው በኩል ስትሰማው የኖረችው ድምፅ፣ ራሱ።

ኩልያሽ የልጇን ዳቦ በቀይ ክሩ ይዛ ባዶውን ሚስማር ታያለች። ቀስ ብላ ትሰቅለዋለች።

«ሻይ ቅጂለት» ትላለች ኦሪንሻ፣ አፏ እንደሞላ።

ኩልያሽ ለማን ብላ አትጠይቅም። አንድ ኩባያ ጨምራ ታወርዳለች፤ በሩንም ገርበብ ታደርገዋለች።