ዑዱን ያጠብኩበት ጠዋት

ሲስተሯ እጄን አንስታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ፊቷን ታዞራለች።

"አሁንም አለ፣ እማማ። እንዲህ ሆነው ላስገባዎት አልችልም።"

ስታጠብ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የእጅ አንጓዬ በሳሙና ብዛት ቀልቷል፤ የተቀባሁት ሽቶ፣ ዑዱ፣ ግን ንቅንቅ አይልም። ጭራሽ ውሃ በነካው ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል፣ መታጠቢያ ክፍሉን ሞልቶ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል።

በሩ ላይ ሽቶ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባሌን፣ ሽማግሌዬን፣ ወደዚህ ክፍል ያዛወሩት ትናንት ማታ ስለሆነ፣ እኔ ወረቀቱን ገና አሁን ማየቴ ነው። ውስጥ የተኙት ሁሉ ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ጠያቂ ሽቶ አንዱን በሽተኛ ትንፋሽ አሳጥቶት ነበር አሉ። ታዲያ ሲስተሯ ላይ እንዴት ብዬ ልቆጣ?

ግን ሽማግሌዬን በአራት ሰዓት ለቀዶ ሕክምና ሊወስዱት ነው። አርባ ዓመት የእንጨት ብናኝ የሳበ አናጢ ነው፤ ዛሬ ከሳንባው ቆርጠው የሚያወጡት ነገር አለ። ሐኪሙ ትናንት ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ልቡ ደካማ ነው፤ ከመግባቱ በፊት መጥተው ይዩት" ብሎኛል። እንዲህ ያለ ንግግር በእኔ ዕድሜ ትርጉሙ አይጠፋም። የግድግዳው ሰዓት ለአራት ሃያ ጉዳይ ይላል።

የተቀባሁትም ለእሱ ብዬ ነው። ዑድ፣ ልጆቼ፣ እንደ ሌላው ሽቶ ወዲያው ደስ አያሰኝም። መጀመሪያ እንደ ረጠበ በረት ይከረፋል፤ ቀጥሎ እንደ ከሰለ እንጨት ይመርራል፤ የሰውነት ሙቀት ሁለት ሰዓት ያህል ሲያበስለው ነው ማር ማር የሚለው። ስለዚህ ሰዓቱን አስልቼ፣ ገና ፊቴን እንደታጠብኩ፣ አንዳንድ ጠብታ በእጆቼ አንጓ፣ አንድ ጠብታ ደግሞ ከጆሮዬ ኋላ አሳረፍኩ። አልጋው አጠገብ ስደርስ እንዲጣፍጥ ነበር ሐሳቤ። እንግዲህ ይኸው ጣፈጠ፤ በሩ ላይ ቆሜ።

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ እኩያዬ ትሆናለች፣ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች።

"አንቺ፣ በሽተኛ ልትጠይቂ ነው ወይስ ልትዳሪ የመጣሽው?"

"ከተዳርኩ አርባ አንድ ዓመቴ ነው።"

"እና ከአርባ አንድ ዓመት በኋላም እንዲህ ይሽቀረቀራሉ? የእኔው ሰውዬ በረኪና ብሸትም ዞር ብሎ አያይ!"

ሳልወድ በግድ ሳቄ ያመልጠኛል፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ይሄድብኛል። እሷ ታየኛለች።

"በውሃ አይለቅም፤ ቅባትን የሚያስለቅቀው ቅባት ነው። ቆይኝ።"

ከሠራተኞቹ ማዕድ ቤት የምግብ ዘይት በብርጭቆ ይዛ ትመለሳለች። አንጓዬን፣ አንገቴን፣ የጆሮዬን ኋላ በዘይት ታሸኛለች፤ በጨርቅ ትጠርጋለች፤ በዕቃ ሳሙና ታጥበኛለች። ደግሞ ትጀምራለች። እጇ ሻካራ ነው፤ ግን ያውቅበታል።

ዑዱ ሲሄድ ይታወቀኛል። ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ከዚያ ሰውነቴን ሳሸተው የማንም ሰው ሰውነት ይሆናል። ከተጋባን ጀምሮ ያለ ዑድ አጠገቡ ተቀምጬ አላውቅም። ልብሴን የገፈፉኝ ያህል ይበርደኛል።

ሲስተሯ ታሸተኛለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች። "አሁን ይሁን።" ሽቶው የነካውን ሻሼን አውልቄ ለጽዳቷ እሰጣለሁ። ሰማያዊ ጋውን፣ ቆብ፣ ማስክ፣ ጓንት ያለብሱኛል። ከዓይኔ በቀር የቀረኝ የለም።

ስገባ ሁለት ወንዶች ባለጎማ አልጋውን ይዘው መግፋት ጀምረዋል። ሲስተሯ እጇን ታነሣለች። "አንድ ደቂቃ።"

መነጽሩን አውልቀውለታል። የሰጡት መድኃኒት ዓይኑን አፍዞታል። ጎንበስ እልበታለሁ፤ ወደ እኔ ይዞራል፣ ያያል፣ ግን አይለየኝም፤ የሚያውቀው ሽታዬም የለም።

"ሲስተር፣ አሮጊቴ አልመጣችም?"

እጄ ወደ ማስኩ ይሄዳል። ላወልቀው ነው። እኔ ነኝ ልለው ነው። እሱ ግን ሌላውን እጄን ከነጓንቱ ጭብጥ ያደርገዋል።

"እንኳንም አልመጣች" ይላል። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእሷ እንዳታወሪብኝ። ፈርቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ጣራ ላይ ስወጣ፣ እሷ ከታች ሆና 'ምነው አትፈራም?' ስትለኝ ስስቅባት ኖርኩ። ያኔም እፈራ ነበር። መጥታ ቢሆን ኖሮ አሁንም መሳቄ ነበር።" ትንፋሹን ይሰበስባል። "መሳቅ ደከመኝ። እስከ በሩ እጄን ትይዥኛለሽ?"

ማስኩን የነካው እጄ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

"እሺ፣ አባባ" እለዋለሁ፤ ድምፄን ቀጠን አድርጌ፣ እንደ ሲስተሯ። "አልነግራትም።"

ሲስተሯ ታየኛለች፤ ሰዎቹ እንዲገፉ በእጇ ምልክት ትሰጣለች። ጎማዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። በአርባ አንድ ዓመት አንድ ቀን ያላየሁት እንባ ከዓይኑ ጥግ ወደ ጆሮው፣ ከጆሮው ወደ ትራሱ ይወርዳል። እኔም ከጎኑ እየተራመድኩ፣ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ይመስል፣ በጓንቴ ጫፍ እጠርግለታለሁ።