ወይዘሮ ፔንፎልድ አጥር ላይ ቀሩ

ወይዘሮ ፔንፎልድ አንድ እግራቸው ከመንገዱ ወገን፣ አንድ እግራቸው ከበጎቹ ወገን ሆኖ፣ ሰው እንዲሻገርበት በግ ግን እንዳያልፍበት የተሠራው የአጥር መወጣጫ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጠው ቀርተዋል። አምና በቀዶ ጥገና የተቀየረላቸው ዳሌ ወደፊትም ወደኋላም አልልም ብሏል።

«ደህና አየር ነው» ይላል የእርሻው ባለቤት ክላይቭ ሆብዴይ፣ ከሜዳው በኩል ሽቅብ እያያቸው። ካፊያው ከቆቡ ጫፍ ይንጠባጠባል። እዚህ አገር ሰው ወንዝ እየወሰደው እንኳ በቅድሚያ ስለ አየሩ ይነጋገራል።

«ለሣሩ ጥሩ ነው» ይላሉ፣ እንጨቱን አንቀው።

«ላውርድዎት?»

«እንዳትነካኝ!»

ክላይቭ እጁን ኪሱ ይከታል። በልጅነቱ ማባዛት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ካደገ ወዲህ ደግሞ እሁድ በመጣ ቁጥር መሬቱን አቋርጠው እያለፉ ያበግኑታል። ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነው፤ መንገዱ ከአያቱም በፊት የሕዝብ ነበር። ስንዴ ቢዘራበት ረግጠውት አለፉ። ኮርማ ቢለቅበት ኮርማውን በስሙ ጠርተው «ዞር በል» አሉትና አለፉ።

«በግቢዬ በኩል ይዙሩ። በር አለው።»

«መንገዱ በዚህ ነው፣ ክላይቭ።»

«በዚህ እንደሆነማ ዕድሜ ልኬን ነግረውኛል!»

«ዛሬ በግቢህ ከዞርኩ ነገ ‹ራሳቸው ትተውታል› ብለህ ትዘጋዋለህ።»

እውነታቸውን ነው። ይዘጋው ነበር።

«ደግሞ በግቢህ የሚታየው የፍግ ክምር ነው» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ማክሰኞ ልጄ ሊድስ ከተማ ልትወስደኝ ነው፣ እሷ ዘንድ ልኖር። አምስተኛ ፎቅ። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚያሳየው አሉ።»

ዓይናቸው ከክላይቭ ራስ በላይ አልፎ ወደ ኮረብታው አናት ይሄዳል። ሸለቆው በሙሉ፣ ወንዙ፣ የቤተክርስቲያኑ ግንብ፣ ሰሞኑን ነጭ አበባ የለበሰው የእሾህ አጥር ሁሉ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው።

ክላይቭ ዞሮ ሜዳው ላይ ወዳቆመው ትራክተሩ ይሄዳል።

«ሂድ! ጥለኸኝ ሂድ!» ይሉታል።

መጋዝ ይዞ ይመለሳል። ተንበርክኮ ከታች ያሉትን እንጨቶች ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ እሳቸው የተቀመጡበትን በትከሻው ደግፎ ጫፍና ጫፉን መገዝገዝ ይጀምራል።

«እንዳትነካኝ ብዬሃለሁ!»

«የምነካው እንጨቴን ነው።»

እንጨቱ ይላቀቃል። ክላይቭ እያቃሰተ፣ እንደ እንቁላል ቅርጫት በቀስታ ዝቅ ያደርገዋል፤ የወይዘሮ ፔንፎልድ ሁለት ጫማዎች ሣሩን ይነካሉ።

ቀሚሳቸውን ያራግፋሉ። «በጎቹ ይወጡብሃል።»

«እርስዎ ይሂዱ።»

ይሄዳሉ። እያንዳንዱ አበባ ጋ ይቆማሉ። ካፊያው ዝናብ ሆኗል፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዙረው፣ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ይተከላሉ።

ታች ክላይቭ ክፍተቱ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። በጎቹ ፊት ለፊቱ ተደርድረው፣ እያመነዠኩ ያዩታል።