ከላይ የሚወርድ ዘይት

የአሮጌ ናፍጣ መኪናው የሞተር ዘይት በየቀኑ ሲጎድልበት፣ ይርጋ አብሮት የሚኖረውን ታናሽ ወንድሙን ጠረጠረ። «በቅናት የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን የምታላላው አንተ ነህ!» ብሎ ጎረቤት እየሰማ አስናቀን ከነእርጉዝ ሚስቱ ከቤት አስወጣው።

በማግስቱ ሞተሩን በናፍጣ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ አስነሳው። ከሥር ያለው ቡሎን ጥብቅ እንዳለ ነው። ቀና ብሎ ሲያይ ግን ዘይቱ ከላይ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥር፣ ባረጀው ላስቲክ በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል። ላስቲኩን ቀየረው። ለማንም አልተናገረም።

ክረምቱ ሲገባ መጠጊያ ያጣው አስናቀ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጉልበቱ ላይ ወድቆ፣ «እኔ ነኝ ያላላሁት፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለው።

ይርጋ ቁልቁል አየው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»

ሽማግሌዎቹ ይርጋን ስለ ልቡ ስፋት መረቁት።